ፓዌ ላይ ያላነበብኩት ስክሪን

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴ፣ አላህ ይማራትና፣ አልነገርኳትም። ልጆቼም አያውቁም፤ ወሎ ተመልሰው ኑሮ ከያዙ ወዲህ በስልክ «ደህና ነህ ወይ» ይሉኛል እንጂ «ምን ሠርተህ ኖርክ» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝስ እነግራቸው ነበር? አልነግራቸውም ነበር። እውነቱ ይሄ ነው።

እኛ ዘንድ ቄስ ፊት ቀርቦ መናዘዝ የለም። ሰው በራሱና በአላህ መካከል ያለውን እንደ ፍጥርጥሩ ይጨርሳል፤ የሰው ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለህ፣ ይቅር ካላለህ፣ ካንገትህ አይወርድም። ባለቤቱ ዛሬ የት እንዳለ በትክክል አላውቅም። ስለዚህ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ እኔም አላውቃችሁም፤ የሚሻለውም እሱ ነው።

ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው፦ አንድ ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ተሸክሞ ከሥራው ወጣ። ያሸከምኩት እኔ ነኝ። በዱላ አይደለም፣ በጉቦ አይደለም፤ በአንዲት ቃል ነው። «አንብቤዋለሁ» አልኩ። አላነበብኩም ነበር።

ይመር እባላለሁ። በደርግ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ አሶሳ ከመጡት አንዱ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት እዚሁ፣ የሰፈርንበት አምባ ላይ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጢም አውጥቼ፣ ልጅ ወልጄ፣ ከሚስቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ። እሷ ከእኔ ቀድማ ጨረሰች። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጠቁጠኛል። በልጅነቱ የተማረ ሰው አይገባውም። እሱ ቃልን እንደ ሰው ፊት ነው የሚያየው፤ ገና ሲያየው ያውቀዋል። እኔ ግን ቃልን እንደ ቋጠሮ አንድ በአንድ እፈታዋለሁ፤ መጨረሻው ላይ ስደርስ መጀመሪያው ይጠፋብኛል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ሲሆንማ ፊደሉን ሁሉ ጠርቼ ጨርሼ ምን እንዳለ የማላውቅበት ጊዜ ብዙ ነው። «ተጠሪነቱ» የሚለውን ዓመት ሙሉ የሰው ስም ይመስለኝ ነበር።

ደርግ ወድቆ ክልሉ ሲቋቋም አንድ የንግድ ድርጅት አሶሳ ላይ ተከፈተ። ለገበሬ ዘርና የእርሻ መሣሪያ ያቀርባል። ዋናው መሥሪያ ቤት አሶሳ፣ አንዱ ቅርንጫፍ ባምባሲ፣ ሌላው ፓዌ። እኔ የመጋዘን ኃላፊ ሆኜ ገባሁ። ማስታወቂያው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ይላል። ጨርሻለሁ አልኩ። ማስረጃህ ሲሉኝ በጦርነቱ ተቃጠለ አልኩ። ያን ጊዜ የስንቱ ሰው ማስረጃ ተቃጥሏል፤ አመኑኝ። ሥራውን ግን እችለዋለሁ። ዘር በእጄ ዘግኜ የት እንደበቀለ፣ ስንት ክረምት እንዳደረ እነግራችኋለሁ። ያኔ እኛ ሰፋሪዎች በየቀኑ «ዛሬ ውጡ ይሉን ይሆን» እያልን ነበር የምንውለው። ውጡ ያለን አልነበረም። ፍርሃቱ ግን ነበር፤ ፍርሃት ደግሞ ክፉ ያደርጋል። ይህን እንደ ምክንያት አይደለም የማነሳው። ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ እንድታውቁ ነው።

ሐሚድ የመጣው ድርጅቱ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ነው። የመንጌ ልጅ፣ የአገሩ ተወላጅ በርታ ነው። አዲስ አበባ ኮምፒዩተር ተምሮ የመጣ ጎልማሳ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። አማርኛው ደህና ነው፤ ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ያደርጋል እንጂ። «አንቱ» ማለት አይቀናውም። መጀመሪያ ቀን መጋዘን ገብቶ «አንተ» ሲለኝ ንቀት መሰለኝና ጠመድኩት።

«ጋሼ፣ የዕቃ ካርዶቹን አሳየኝ» አለ።

«ማን ነህና ነው የማሳይህ?»

«ሐሚድ ነኝ። አንተ የምታውቀውን ለኮምፒዩተሩ ላስተምረው ነው።»

«ኮምፒዩተር ከእኔ በላይ ዘር ይለያል?»

«አይለይም። አንተ የነገርከውን ብቻ ነው የሚያውቀው። ሞኝ ነው፣ ግን አይረሳም።»

«እንግዲያው ከሥራ አስኪያጃችን በግማሽ ይሻላል» አልኩት።

አፉን ሸፍኖ ሳቀ። ካርዶቹን አወጣሁለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ያህል መጋዘን ውስጥ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ጠየቀኝ። ዘር ሲገባ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ሲወጣስ? ሁለት ቅርንጫፍ በአንድ ቀን አንድ ዘር ቢያዝዙ ማንን ታስቀድማለህ? በሕይወቴ እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው የለም። የምናገረውን ይጽፋል። እኔ ሳወራ ሌላው ሲጽፍ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ምሳ ከቤቱ የማሽላ ገንፎ በባምያ ወጥ ያመጣል፤ አብረን እንበላለን። የማነበው ነገር ሲኖር ጣቴን ከሥሩ እያስኬድኩ እንደማነብ ያያል። አይቶ ምንም አላለም። አንድ ቀን ብቻ «ጋሼ፣ ጣትህ ካይንህ ቀድሞ ይደርሳል» አለኝ። ስቄ አለፍኩት። ሌላ ሰው ቢለኝ እጣላው ነበር።

የሥራው ጭንቅ ምን እንደነበር ላስረዳችሁ፤ እሱ ባስረዳኝ መንገድ ነው የማስረዳችሁ። ድርጅቱ ያሉት ኮምፒዩተሮች ሦስት ዓይነት ነበሩ። አሶሳ ያሉት አዳዲስ ናቸው። ባምባሲ ያለው ሌላ መሥሪያ ቤት የጠላው አሮጌ ነው። ፓዌ ያለው ደግሞ አንድ የውጭ ፕሮጀክት ሲዘጋ ጥሎት የሄደ፣ አሠራሩም ውስጡም ከሁለቱ ጋር የማይዛመድ ነው። ለአንዱ የተሠራ ፕሮግራም ሌላው ላይ አይነሳም። ሥራ አስኪያጁ ለሦስት ዓይነት ማሽን ሦስት ፕሮግራም ይሠራ አለ። ሐሚድ እምቢ አለ። አንድ ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ ሦስቱም ላይ ይሠራል አለ።

«ጭነቱ አንድ ነው ጋሼ» አለኝ። «አህያም ይጫነው፣ በቅሎም ይጫነው፣ ግመልም ይጫነው፣ እህሉ ያው እህል ነው። የሚለያየው አስተሳሰሩ ነው። እኔ ለእያንዳንዱ ማሰሪያ ብቻ እሠራለታለሁ።»

ገባኝ። እኔ ጭነት አውቃለሁ። በጣም ያስቸገረው ፊደሉ ነበር። ያን ጊዜ የአማርኛ ፊደል እንደ ዛሬው ማሽኑ ውስጥ አብሮ አይመጣም፤ እየሣሉ ያስገቡታል፤ ማሽኑ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል በቁጥር ነው የሚያውቀው። አንዱ ማሽን የሰጠውን ቁጥር ሌላው ላይቀበል ይችላል። ሐሚድ በየማታው እቤቱ ፊደል ይሥላል፤ ጠዋት አትሞ ያመጣና «ይቺ ‹ኟ› ትመስላለች?» ይለኛል። እኔን ነው የሚጠይቀው። እኔም እንደ አዋቂ አንገቴን አዘንብዬ «እግሯ ትንሽ ይጠር» እላለሁ። እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር።

አንድ ቀን ምሳ ላይ እንዲህ አለኝ። «ጋሼ፣ እኔ ብወድቅ የምወድቀው ብቻዬን አይደለም። ሲቀጥሩኝ ‹የበርታ ልጅ ይችለዋል እንዴ› ያሉ አሉ፣ ሰምቻለሁ። ይሄ ሥራ ከሠራ ቀጥሎ የእኔን አገር ልጆች ይቀጥራሉ። ካልሠራ ደግሞ ‹አላልኩም?› ይላሉ፤ በሩ ይዘጋል።»

«ይሠራል» አልኩት።

«ኢንሻላህ» አለ።

ይህን ያለኝ ለእኔ ነው። ሌላ ሰው አልነበረም። ምን እንደሚያጣ ሳላውቅ አይደለም ያጠፋሁት ማለቴ ነው። ነግሮኝ ነበር።

ፕሮግራሙ አሶሳ ላይ ሠራ። ባምባሲ ራሱ ሄዶ ጫነው፣ ሠራ። ፓዌ ቀረ። ፓዌም ራሱ መሄድ ነበረበት፤ ግን ቦርዱ ሥራውን ሊያይ ስለሚመጣ አሶሳ ይቆይ ተባለ። እኔ ደግሞ ለዓመት ቆጠራ ወደ ፓዌ መሄጃዬ ነበር። «ጋሽ ይመር ዲስኬቱን ይዞ ይሂድ» አሉ። ሐሚድ ሦስት ቀን የትኛውን ቁልፍ ከየትኛው በኋላ እንደምጫን አለማመደኝ። ማሽኑን አይቶት አያውቅም፤ ከመጽሐፍ ነው ያጠናው። አንድ ቅጽ አዘጋጀልኝ። ፕሮግራሙ ይከፈታል ወይ፣ ፊደሉ ይነበባል ወይ፣ ያትማል ወይ ይላል፤ ከየጥያቄው ጎን ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለው። ከታች ደግሞ አንድ ባዶ መስመር፦ ስክሪኑ ላይ በመጀመሪያው መስመር ያየኸውን በእጅህ ገልብጠህ ጻፍ።

«ፓዌ ላይ ዓይኔ አንተ ነህ» አለኝ። «ከተበላሸ ተበላሸ በለኝ ጋሼ። አልቆጣም። ማስተካከያው የአንድ ሳምንት ሥራ ነው።»

የአንድ ሳምንት ሥራ። ሰማችሁ?

ያን ጊዜ ከአሶሳ ፓዌ መሄድ የዋዛ አይደለም። ሁለቱም በአንድ ክልል ውስጥ ናቸው፤ መንገዱ ግን ከክልሉ ያስወጣሃል። በወለጋ አቋርጠህ፣ አዲስ አበባ ገብተህ፣ ጎጃምን ወርደህ፣ በቻግኒ በኩል ነው የምትደርሰው። ስንት ቀን አውቶቡስ ላይ ተቀመጥኩ! ዲስኬቶቹን በፌስታል ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዤ። አጠገቤ የሚቀመጠው ሰው ምን እንደያዝኩ ሲጠይቀኝ «የመሥሪያ ቤት ነው» እላለሁ። በሕይወቴ ትልቅ ሰው መስዬ የታየሁበት መንገድ እሱ ብቻ ነበር።

ፓዌ ቅርንጫፉን የምትይዘው አስካለ የምትባል ሴት ነበረች። እሷም ሰፋሪ ናት፤ የወሎ ልጅ። ወግ ሳንጨርስ የማን ዘር እንደሆነች ነገረችኝ። ማሽኑን አበራን። እንደተማርኩት ዲስኬቱን አስገባሁ፣ ቁልፎቹን በተራ ተጫንኩ። ተከፈተ። ስክሪኑ ሙሉ ፊደል ሆነ።

ጎንበስ አልኩ። የመጀመሪያውን መስመር በሆዴ መጥራት ጀመርኩ። ፊደሎቹ የእኛው ናቸው፤ አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን እግራቸውን ያሳጠርኩት እኔ ነኝ። ግን ቃል አልሆን አሉኝ። ጨረስኩና እንደገና ጀመርኩ። ጣቴን ላስኬድ ፈለግኩ፤ አስካለ አጠገቤ ቆማለች፤ አፈርኩ። እንዴት መሰላችሁ የታየኝ? ማሽኑ ተበላሽቷል ብዬ አይደለም ያሰብኩት። እኔ ተበላሽቻለሁ ብዬ ነው። ይኸው መጣ አልኩ፤ ስምንተኛ ክፍል ብለህ የዋሸኸው ዛሬ ተያዘ አልኩ። ለእኔ የመሥሪያ ቤት ጽሑፍ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ጠርቼው የማላውቀው ብዙ ነው። ይሄም ከዚያ አንዱ መሰለኝ።

አስካለ «ጋሽ ይመር፣ እኔ ይኼን ላነበው አልቻልሁም። ምንድን ነው የሚለው?» አለች።

እዚህ ጋ ቁሙልኝ። ሴትዮዋ አሥረኛ ክፍል የጨረሰች ናት። አላነብም ካለች ነገሩ አይነበብም ማለት ነው። ሳይታሰበኝ ቀረ? ታስቦኛል። ብልጭ ብሎብኛል። ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«የኮምፒዩተር አጻጻፍ ነው» አልኳት። «አሶሳም እንዲሁ ነው። እየሠራሽበት ትለምጅዋለሽ።»

«አልገባኝም እኮ።»

«መስመሩን ያዥ እንግዲያ» አልኳት፤ ዝርዝሩን ከአሶሳ በቃሌ አውቀዋለሁ። «አንደኛው ይሄ፣ ሁለተኛው ይሄ፣ አራተኛው በቆሎ። ቁጠሪና ተጫኚ።»

ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣሁ ሰው ነኝ፤ እሺ አለች። ቅጹን አወጣሁ። ይከፈታል፤ ምልክት አደረግኩ። ያትማል፤ ምልክት አደረግኩ። ፊደሉ ይነበባል? ምልክት አደረግኩ። ከታች ያለውን ባዶ መስመር ዘልዬ ፈረምኩ።

አሶሳ ስመለስ ሐሚድ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ነበር። ሻንጣዬን ተቀበለኝ። ቅጹን እያየ ፊቱ በራ። ከዚያ ባዶውን መስመር አየ። እስክሪብቶ አውጥቶ፣ ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጎ «ይቺን ብቻ ጋሼ፣ የምታስታውሰውን» አለ። እስክሪብቶውን ያዝኩ። ያዝኩና ቀረሁ። እጄን አየ። እኔን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደና «ተወው፤ ደክሞሃል፤ ምልክቱ ይበቃል» አለ።

ትልቅ ሰው ነኝና አላስጨነቀኝም። አባቱ የሚሆን ሰው በመንገደኛ ፊት ፊደል አያስጽፉም። አክብሮኝ ነው የተወው። ቢያስጨንቀኝ ኖሮ ራሱን ያድን ነበር። እኔን ማክበር ያን ያህል ዋጋ አስከፈለው።

ከዚያ ወራት አለፉ። ፕሮግራሙን ቦርዱ አይቶ አመሰገነ። ክረምት ሲቃረብ አሶሳ ላይ አንድ አዲስ የማሽላ ዘር መጣና ሐሚድ ከዝርዝሩ አናት ላይ ጨመረው፤ አዲሱን ዲስኬት ለቅርንጫፎቹ ላከ። ዝርዝሩ አንድ መስመር ወደ ታች ወረደ። ለሚያነብ ሰው ይሄ ምንም አይደለም። አስካለ ግን የምታነበው ነገር አልነበራትም፤ እኔ እንዳስተማርኳት መስመር ቆጥራ አራተኛውን ተጫነች። አራተኛው አሁን በቆሎ ሳይሆን ሰሊጥ ነው። ትእዛዙ በዲስኬት አሶሳ ደረሰ፤ እዚህ ሲከፈት ሰሊጥ ይላል። አይቶ ለአቅራቢው የሚያስተላልፈው እኔ ነኝ። «ፓዌ ይህን ያህል ሰሊጥ ምን ያደርግለታል?» ብያለሁ፤ በራሴ አፍ ብያለሁ። ብዬም አስተላለፍኩት።

ገበሬዎቹ ማሳቸውን አርሰው፣ ዝናብ ጥሎላቸው፣ በቆሎ ሊወስዱ ሲመጡ የጠበቃቸው ሰሊጥ ነው። በቆሎው እስኪመጣ የዘር ጊዜው አለፈ። እኔ ራሴ በሰፈራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ባዶ ማሳ ይዞ ክረምት መክረም ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ፣ የአስተዳደር ኃላፊው፣ ሐሚድና እኔ። አስካለ ከፓዌ የስክሪኑን ጽሑፍ አትማ ልካ ነበር፤ ከሥሩ «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንዲህ ነው» ብላ ጽፋለች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አነሳ። መነጽሩን አስተካከለ። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሰው ነው። «ጨ… ቩ… ምንድን ነው ይሄ?» አለ። ለአስተዳደር ኃላፊው አቀበለው። እሱም አገላብጦ «የሰው ቋንቋ አይደለም» አለ።

በዚያች ደቂቃ ምን እንደተሰማኝ ልንገራችሁ? ደስታ ነው የተሰማኝ። አላህ ምስክሬ ነው፣ ደስ አለኝ። እነሱም አላነበቡትም! ያን ሁሉ ወር «መሃይም ነህ» እያልኩ ራሴን ስቀጣው ኖሬ፣ ጽሑፉ ለካ ለማንም አይነበብም። ሐሚድን አይቼ ልስቅለት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ቅጹን አወጣ። «ጋሽ ይመር፣ እዚህ ላይ ይነበባል ብለው ፈርመዋል። ሲያዩት ይነበብ ነበር?»

መልሱ ቀላል ነበር። «አይነበብም ነበር፤ እኔ ማንበብ አቅቶኝ መሰለኝ» ማለት ብቻ ነው። ከዚያ «ለምን እንደዚያ መሰለዎት?» ይሉኛል። ከዚያ ስምንተኛ ክፍሉ ይመጣል። ከዚያ መጋዘኑ ይሄዳል። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰብኩት፤ ለማንበብ የዘገየ ጭንቅላቴ ለዚህ እንዴት እንደፈጠነ!

«ይነበብ ነበር» አልኩ። «አንብቤዋለሁ።»

ሐሚድ ቀና አለ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አንብቤዋለሁ። በኋላ የተነካ ነገር ካለ እንጂ እንዲህ አልነበረም።»

በኋላ የተነካ። ይህን ማን ጠየቀኝ? ማንም። ከራሴ ጨመርኩት። በኋላ ዲስኬት የላከው ሐሚድ ብቻ ነው። አንድ ቃል ያልኳችሁ ውሸት ነው፤ ሁለት ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን እያየ «ይሄ ባዶ መስመርስ?» አለ። ሐሚድ እዚያች መስመር ላይ ጣቱን አድርጎ «አሁን ይጻፈው» ቢል ወይም ሌላ ወረቀት ሰጥቶ «ይህን አንብብልን» ቢል አልቆልኝ ነበር። እንዴት እንደማነብ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። አየኝ።

«እሱን ተወው ያልኩት እኔ ነኝ» አለ።

«ታዲያ አስካለ ናት የዋሸችው?»

«አስካለ አይዋሽም።»

«እንግዲያው ማን ነው ያጠፋው?»

ሐሚድ ዝም አለ። ዝምታውን እንደ ማመን ቆጥረው ጥፋቱን በእሱ ላይ ጻፉት።

በሳምንቱ መጋዘን መጣ። በሩ ላይ ቆመ፤ አልገባም። «ኸላስ ጋሼ፣ አለቀ፤ ሄድኩ» አለ። ወዴት ስለው ኩርሙክ፣ ድንበሩ ላይ፣ ዘመድ አለኝ አለ። ከዚያ አንዲት ዲስኬት ካርዶቹ ላይ አስቀመጠ። «የፓዌው ማሽን ነገር ገብቶኛል። ፊደሎቹን በሌላ ቁጥር ነው የሚጠራው። አስተካክዬዋለሁ። በእኔ ቦታ የሚመጣ ሰው ካለ ስጠው።» ሌላ ምንም አላለኝም። ለምን ዋሸህ አላለኝም። ቢሰድበኝ እኔም እሰድበው ነበር፤ እንጣላ ነበር፤ ጥል ጓደኛ ነው። ዝም ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከማንም ጋር ምሳ በልቼ አላውቅም ብል ማጋነን አይደለም።

በእሱ ቦታ የመጣ ሰው አልነበረም። ማሽኖቹን ጨርቅ አለበሷቸው፤ ወደ ካርዱ ተመለስን። በየሻይ ቤቱ «እነሱ ይህን አይችሉትም፣ አላልኩም?» ሲባል ሰማሁ። አንድ ጊዜ አይደለም የሰማሁት። ብርጭቆዬን አጎንብሼ አይቼ ሻዬን ጠጣሁ። ከሐሚድ በኋላ ሌላ የበርታ ልጅ ለዚያ ሥራ ለመቅጠር ድርጅቱ ብዙ ዓመት ፈጀበት። ዲስኬቷን መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ ጡረታ እስክወጣ አቆየኋት። አንድ ጊዜ ከፓዌ የመጣ ሰው «ያ ፕሮግራም ቢስተካከል እኮ ጥሩ ነበር» ሲል ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም። ዲስኬቷ ከሠራች ስክሪኑ ከመጀመሪያውም እንደማይነበብ፣ ያጠፋሁትም እኔ መሆኔ ይታወቃላ።

እኔ በቦታዬ ቆየሁ። ሰዎቹ ምስክርነቴን ወደዱት፤ «ጋሽ ይመር ቀጥተኛ ሰው ነው» አሉ። በዚህ ስም ጡረታ ወጣሁ።

ድሃ ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ሰፋሪ ነበርኩ፣ ዘግይቼ የተማርኩ ነበርኩ። እነዚህን ሁሉ ለራሴ ስንት ዓመት ደረደርኳቸው መሰላችሁ? አንዱም አይሠራም። ያኔ ያፈርኩት በማላውቀው ነገር ነው፤ የዋሸሁት ግን በማውቀው ነገር ነው። ፓዌ ላይ የሆነው አለማወቅ ነው እንበል። ቢሮው ውስጥ የሆነውስ? አስካለን ውሸታም ያስባልኩትስ? ያ ቁልፍስ? ክፋት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከመንጌ ወይም ከኩርሙክ ወገን የሆነ ሰው ይህን ቢያነበው አንድ ነገር እለምነዋለሁ። አሶሳ ላይ ኮምፒዩተር ይሠራ የነበረ ሐሚድ የሚባል ሰው ካገኘህ፣ እሱን ባታገኝ ልጆቹን ካገኘህ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ጮክ ብለህ ይህን ንገርልኝ፦ ሐሚድ ምንም አላበላሸም። ሥራው ጥሩ ነበር። የፓዌው ስክሪን ከመጀመሪያው ቀን አይነበብም ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ሰው በፊርማው ደብቆበታል። ስሜን ከፈለጉ ስጣቸው። ይመር አፉ በለኝ ብሎሃል ግን እንዳትለው። አላልኩም። እሱ አፉ ቢለኝ የሚቀለው እኔን ነው፤ ይህን የጻፍኩት እንዲቀለኝ አይደለም።